ሦስት አሳ፣ አንድ ቢላ፦ አሳን ከውጭም ከውስጥም አይቶ ዘመዱን ማግኘት

ባሕር ዳር «ነጭ አሳ ስጠኝ» ብትሉ ጢም ያለው፣ ቅርፊቱ ትልልቅ የሆነ፣ አጥንቱ የበዛ አሳ ይመዘንላችኋል። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ያንኑ ብትሉ የሚመጣው ሌላ ነው፣ በውጭ ስሙ ናይል ፐርች። ጢም የለውም፣ ጀርባው ላይ ሁለት ክንፍ አለው፣ ሲያድግ ደግሞ ሰው ያህላል። ስሙ አንድ፣ አሳው ሁለት። ይሄን ያወቅኩት አርባ ምንጭ ከሚኖር ዘመዴ ጋር «ነጭ አሳ አጥንት ይበዛዋል»፣ «ኧረ ምን ሲደረግ» እየተባባልን ግማሽ ሰዓት ከተነታረክን በኋላ ነው። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

እንግዲህ ስም ብቻውን አያዋጣም። አካሉን ማየት ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ አንድ አሳ ተሥሎ ዙሪያውን ቀስት ይደረደርበታል፣ «ክንፍ»፣ «ስንጥብ»፣ «ቅርፊት» ተብሎ ይጻፍበታል፣ በቃ። ከዚያ ተማሪው «የአሳ አይነቶችን አወዳድር» ይባላል። አንድ አሳ ከምን ጋር ይወዳደራል? ስለዚህ ሦስት አሳ ገዝታችሁ ወጥ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ የምትሠሩበትን መንገድ ልጻፍላችሁ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ሲያልቅም ምሳ አለ።

መጀመሪያ ገበያ

ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ ቆሮሶ (ቀረሶ የሚሉትም አሉ፣ በውጭ ስሙ ቲላፒያ)፣ አምባዛ፣ እና የጣናው ነጭ አሳ። ጣና ዳር ካልሆናችሁ ለሦስተኛው ብልጫ የሚባለውን ፈልጉ፣ የዚያው ወገን ነው። ግማሽ ኪሎ አካባቢ የሆነ መካከለኛ አሳ ይሻላል፤ ትልቁ ለቢላ ያስቸግራል፣ ትንሹ ውስጡ አይታይም።

ዋናው ነገር ሆዱ ያልተከፈተ መሆኑ ነው። ሻጮቹ እጃቸው ፈጣን ስለሆነ ገንዘብ እስክትቆጥሩ አራግፈው፣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ አንጀቱን ለውሻ ወርውረው ይጨርሳሉ። ቀድማችሁ «እንዳለ ነው የምፈልገው፣ እንዳትነካው» በሉ። እኔን መጀመሪያ ቀን እንደ እብድ ነው ያዩኝ። ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ ጣት ስታሳርፉበት ሥጋው የሚመለስ ምረጡ። አምባዛው በሕይወት ካለ እዚያው ይግደሉላችሁ፤ ቤት ድረስ እየዘለለ ነው የሚመጣው፣ ለምን እንደሆነ ቆይተን እናያለን።

ከቤት ደግሞ ስለታም ቢላ፣ መቀስ፣ ሣፋ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ አንድ ሜትር ያህል ክር፣ ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። ለአምባዛው ወፍራም ጨርቅ ወይም ጓንት ያስፈልጋል። ይሄን አትዝለሉ። እኔ ዘልዬ የቀኝ መዳፌ ለሦስት ቀን አብጧል።

አንድ፦ ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ አድርጋችሁ ደርድሩ

ለምን ወደ ግራ? የአሳ ጥናት መጻሕፍት ላይ ሥዕሉ ሁሉ ወደ ግራ ስለሚያይ ነው። ልማድ ነው፣ በኋላ ከመጽሐፍ ጋር ለማመሳከር ይረዳችኋል። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩና የእያንዳንዱን ቅርጽ በእርሳስ ንደፉ። ሥዕል አልችልም የሚባል ነገር የለም። የምትሥሉት ለማስተዋል ነው እንጂ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይደለም። እጅ ሲሥል ዓይን ያልቆጠረውን ይቆጥራል።

አሁን ሳትነኳቸው አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ከሦስቱ ውስጥ ዘመዳሞች የትኞቹ ናቸው? ሁለቱን አጣምሩና አንዱን ለብቻው አውጡ። መልሱን ጻፉት። እንዳትሰርዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለት፦ ክንፎቹን ቁጠሩ፣ ግን በጣት

አምስት አይነት ክንፍ ትፈልጋላችሁ። የጀርባ፣ የጅራት፣ ከፊንጢጣው ኋላ ያለው፣ ጥንዱ የደረት ክንፍ፣ ጥንዱ የሆድ ክንፍ። ሦስቱም አሳ አምስቱም አሏቸው። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

የቆሮሶውን የጀርባ ክንፍ ወደ ላይ ዘርጉት። ፊቱ ላይ ያሉት ዘንጎች እሾህ ናቸው፣ ጫፋቸው ይወጋል። ከኋላ ያሉት ደግሞ ለስላሳና ጫፋቸው የተበተነ ነው። እሾሁን ቁጠሩ፤ ከ15 እስከ 18 ይሆናል፣ ከዚያ ደርዘን ገደማ ለስላሳ ዘንግ ይከተላል። ከፊንጢጣው ኋላ ያለው ክንፍ ደግሞ ፊቱ ላይ ሦስት እሾህ አለው። ቁጥሩን ጻፉ። አሳ የሚመድቡ ሰዎች ግማሽ ሥራቸው ይሄው ነው፣ እሾህና ዘንግ መቁጠር።

የአምባዛው የጀርባ ክንፍ ከራሱ ጀርባ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ሥር ይወርዳል። ከ60 በላይ ዘንግ አለው፣ አንድም እሾህ የለውም። ሁሉንም ካልቆጠርኩ አትበሉ፣ ሃያ ያህል ቆጥራችሁ ርዝመቱን በክር ለክታችሁ ማባዛት ትችላላችሁ። እሾሁ ያለው የደረት ክንፉ ላይ ነው። ጨርቁን አሁን ያዙ። ጠንካራ፣ እንደ መጋዝ የተጠረበ ዘንግ ነው፣ ወደ ውጭ ከተከፈተ ደግሞ ይቆለፋል። የኔን መዳፍ ያሳበጠው እሱ ነው።

ነጭ አሳው ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። ጀርባው ላይ አንድ አጭር ክንፍ አለ፣ ፊቱ ላይ አንድ ጠንካራ ዘንግ ቆሟል። «እሾህ አለው፣ እንደ ቆሮሶ ነው» ትላላችሁ። አይደለም፣ የውሸት እሾህ ነው። ዘንጉን ቆርጣችሁ ወደ ብርሃን ያዙትና እዩ፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት ግማሾች ተጣብቀው የሠሩት ነው፣ ጫፉ አካባቢም የመገጣጠሚያ ምልክት ይታያል። ለስላሳ ዘንግ ነበረ፣ ደነደነ። የቆሮሶው እሾህ ግን ከመነሻው አንድ ወጥ ነው፣ መገጣጠሚያ የለውም።

የመጨረሻውና ዋናው፦ የሆድ ክንፉ የት ነው ያለው? ቆሮሶው ላይ ከደረት ክንፉ ሥር፣ ጉሮሮው አጠገብ ማለት ይቻላል። አምባዛውና ነጭ አሳው ላይ ግን ወደ ኋላ ርቆ፣ ሆዱ መሐል ነው። ይሄን በደብተራችሁ ላይ ሁለቴ አስምሩበት። ማንም አያስተውለውም፣ ግን ከቅርፊቱ ሁሉ የበለጠ ይናገራል።

ሦስት፦ ቆዳ፣ መስመር፣ አፍንጫ

ቅርፊት ጉዳይ ላይ ሁላችንም እናውቃለን እንላለን። ቆሮሶና ነጭ አሳ አላቸው፣ አምባዛ የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን «ክንፍና ቅርፊት ያላቸው» ይበላሉ ስለሚል አምባዛን የማይበላ ሰው ብዙ ነው፤ በዚህም ምክንያት የአገራችን ሰው አሳን ለሁለት የሚከፍለው በቅርፊት ነው። ለመብላት ላለመብላት የሚሆን ክፍፍል ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ዘመድ ለመፈለግ ግን አይሆንም። ቅርፊት ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው፤ የአምባዛ የጥንት አያቶች ነበራቸው፣ ዘራቸው በዘመናት አጣው። ጸጉር የሌለው ሰው ከጸጉራሙ ወንድሙ ተለይቶ የሌላ ቤተሰብ አይሆንም።

አንድ አንድ ቅርፊት ንቀሉና ወደ ብርሃን ያዙ። ክብ ክብ መስመር ታያላችሁ። በብርድ አገር አሳው በክረምት እድገቱ ስለሚቆም መስመሩን ቆጥረው ዕድሜውን ያውቃሉ። የኛ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይቀዘቅዝ መስመሩ እንደዚያ ግልጽ አይደለም፣ ስለዚህ «ይሄ አሳ ስድስት ዓመቱ ነው» ለማለት አትቸኩሉ።

ከስንጥብ ክዳኑ እስከ ጅራቱ የሚሄድ የነጠብጣብ መስመር ፈልጉ። የጎን መስመር ይባላል። አሳው የውሃን እንቅስቃሴ የሚሰማበት ነው፣ በጨለማም ሆነ በደፈረሰ ውሃ ጎረቤቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ነጭ አሳው ላይ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ቆሮሶው ላይ ግን ለሁለት ተቆርጧል፤ የላይኛው ከፊት ጀምሮ ከጀርባ ክንፉ መጨረሻ በታች ያበቃል፣ የታችኛው ከዚያ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ወደ ጅራቱ ይቀጥላል። ሠሪው ተሳስቶ የሰፋው ይመስላል።

አሁን አፍንጫ። ይሄ ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ነው። ነጭ አሳው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቆሮሶው ግን በአንድ ጎን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። የቆሮሶ ቤተሰብ፣ ሲክሊዴ የሚባሉት፣ በዚህ ይታወቃሉ። ከዚህ በኋላ ገበያ ላይ ማንም «ይሄ ቆሮሶ ነው» ቢላችሁ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፦ አንድ አፍንጫ፣ የተቆረጠ መስመር። ሁለቱም ካሉ የቤተሰቡ አባል ነው። የኛው የአባይ ቆሮሶ (ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲከስ) መሆኑን ደግሞ ጅራቱ ላይ ቀጥ ብለው የተሰመሩት መስመሮች ያረጋግጣሉ።

አራት፦ አፍ

ጢም ቁጠሩ። አምባዛ ስምንት፣ ነጭ አሳ አራት፣ ቆሮሶ ምንም። ጢሙ ለጌጥ አይደለም፣ መቅመሻና መዳሰሻ ነው፤ ጭቃ ውስጥ የሚበላውን የሚፈልገው በሱ ነው።

ከዚያ ጣታችሁን ከንፈሩ ላይ አሹት። ቆሮሶው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ ደቃቅ ጥርሶች አሉ። አምባዛውም ሰፊ የደቃቅ ጥርስ ምንጣፍ አለው። ነጭ አሳው? ድድ ብቻ። መንጋጋው ላይ አንድ ጥርስ የለም። «ታዲያ በምን ይበላል?» ካላችሁ ታገሡ፣ ድስቱ ሲፈላ እናገኘዋለን።

አምስት፦ የስንጥብ ክዳኑን ቁረጡ

በመቀስ ክዳኑን ከሥሩ ቆርጣችሁ አንሱት። ቀያዮቹ ቅጠሎች ስንጥቦቹ ናቸው። ከነሱ ፊት ለፊት፣ ወደ አፉ በኩል፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ አሉ፤ ምግብ ከውሃው ጋር እንዳይወጣ የሚይዙ ወንፊቶች ናቸው። ደቃቅና ጥቅጥቅ ካሉ አሳው ደቃቅ ነገር ያጣራል፣ አጫጭርና የተራራቁ ከሆኑ ትላልቅ ነገር ይውጣል ማለት ነው።

አምባዛው ላይ ግን እዚህ ጋ አትቁሙ። ከስንጥቡ በላይ፣ ወደ ራስ ቅሉ በኩል አንድ ክፍል አለ፤ ቢላውን ወደ ላይ ወስዳችሁ ክፈቱት። ቀይ የአበባ ጎመን የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። ከሁለተኛውና ከአራተኛው የስንጥብ ቅስት ላይ የበቀለ፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚወስድ አካል ነው። አምባዛ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅልሎ ለሰዓታት የሚቆየው፣ ኩሬ ሲደርቅ እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ የሚሄደው በዚህ ነው። ሻጩ ጋ «አሁንም አልሞተም?» እያላችሁ የምትገረሙበት ምስጢር ጭንቅላቱ ውስጥ ያለች አበባ ጎመን ናት።

ስድስት፦ ሆዱን ክፈቱ

ከፊንጢጣው ጀምራችሁ ወደ ደረቱ በመቀስ ቁረጡ። ቢላ አትጠቀሙ፣ ሐሞቱን ይቀዳባችኋል። ሐሞት ከፈሰሰ ዕቃው ሁሉ አረንጓዴ ይሆንና ሥዕሉም ምሳውም ይበላሻል። ሁለቱም ደርሶብኛል።

ልቡ ከፊት፣ ከስንጥቡ ሥር ነው። አንድ መቀበያ፣ አንድ መርጫ፣ በቃ፤ እንደኛ አራት ክፍል የለውም። ቆሮሶው ላይ፣ በተለይ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የመጣ ከሆነ፣ ልቡ አካባቢ የተጠቀለለ ትል ልታገኙ ትችላላችሁ። አትደንግጡ። ዋነኛው መኖሪያው አሳ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፣ አሳው መሸጋገሪያ ነው። በደንብ የበሰለ አሳ ጉዳት የለውም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ጥሬ አሳ በዳጣ ለምትበሉ ግን ይህን አይታችሁ ከዚያ ወስኑ። እኔ ካየሁ በኋላ ትቻለሁ።

አንጀቱን አውጡና በክር ለኩት። ከዚያ በአሳው ርዝመት አካፍሉ። ቆሮሶው ጉድ ነው። እንደ ሰዓት ሽቦ የተጠቀለለ ቀጭን አንጀት ነው፣ ሲዘረጋ የአሳውን ርዝመት ብዙ እጥፍ ይሆናል። የሚበላው በአብዛኛው አረንጓዴ የውሃ ደቃቅ ተክል ስለሆነ ለመፍጨት ጊዜ ይፈልጋል። ጨጓራው ደግሞ ትንሽ ከረጢት ብትሆንም እጅግ ኮምጣጣ አሲድ አላት። አምባዛው ያገኘውን ሁሉ፣ ሥጋም ጭምር ስለሚበላ አንጀቱ አጭር፣ ጨጓራው ወፍራም ነው። ከፍታችሁ እዩት፤ እኔ አንድ ጊዜ ውስጡ አንዲት ሙሉ ትንሽ ቆሮሶ አግኝቻለሁ፣ በአንድ ዋጋ ሁለት።

ነጭ አሳው ላይ ጨጓራውን ፈልጉ። ደግማችሁ ፈልጉ። የለም። የፊተኛው የአንጀት ክፍል ሰፋ ስለሚል ጨጓራ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሲፕሪኒዴ የሚባለው፣ ጨጓራ የለውም። ከጉሮሮ በቀጥታ ወደ አንጀት ነው።

አሁን ወደ ላይ፣ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ያለውን የአየር ከረጢት እዩ። አሳው ሳይዋኝ እንዳይሰምጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ቆሮሶው ላይ አንድ ክፍል ነው፣ የተዘጋ። ነጭ አሳው ላይ ወገቡ ላይ ታስሮ ሁለት ክፍል ሆኗል፣ ወደ ጉሮሮው የሚሄድ ቀጭን ቱቦም አለው። አምባዛው ላይ የለም ትላላችሁ። አለ፣ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ሁለት ሆኖ በአጥንት ሽፋን ውስጥ ተደብቋል። ጭቃ ላይ ለሚኖር አሳ ተንሳፋፊ ምን ያደርግለታል?

ከረጢቱን ካነሳችሁ በኋላ የጀርባ አጥንቱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ቀይ ነገር ይቀራል። እናቶቻችን «የረጋ ደም ነው» እያሉ በማንኪያ ጠርገው የሚያወጡት። ደም አይደለም፣ ኩላሊቱ ነው። መጥረጉ ግን ልክ ነው፣ ይመራል።

ሰባት፦ ጭንቅላቱን ቀቅሉ

የሦስቱንም ጭንቅላት ከጀርባ አጥንቱ መጀመሪያ ጋር አብራችሁ ቁረጡና ለየብቻ ሥጋው እስኪለቅ ቀቅሉ። መረቁ አይጣል። ሲበርድ በጣታችሁ ፈልቅቁ።

ከነጭ አሳው ስንጥብ ኋላ፣ ጉሮሮው ውስጥ፣ ማጭድ የመሰሉ ሁለት አጥንቶች ይወጣሉ፣ በላያቸው ላይ ጥርስ ተደርድሯል። ጥርሱ እዚህ ነበር! አፉ የሚይዝ፣ ጉሮሮው የሚያኝክ። የቆሮሶውም ጉሮሮ የራሱ ጥርስ አለው፣ ግን የታችኛው ሁለቱ አጥንት ገጥመው አንድ ሦስት ማዕዘን ሆነዋል። ከአሳ ጋር ሳይሆን ከሳንቲም ጋር የምታስቀምጡት የሚያምር ነገር ነው።

የቆሮሶው ራስ ቅል ውስጥ ነጭ፣ ጠንካራ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ድንጋይ ትገኛለች። የጆሮ ድንጋይ ናት። አሳም ጆሮ አለው፣ ወደ ውጭ የሚታይ ቀዳዳ የለውም እንጂ።

ከዚያ የአምባዛውንና የነጭ አሳውን የመጀመሪያ አራት የጀርባ አጥንቶች ቀስ ብላችሁ እዩ። ከጎናቸው ደቃቅ አጥንቶች አሉ። ሥራቸው የአየር ከረጢቱን ንዝረት ወደ ጆሮ ማድረስ ነው፤ የኛ ጆሮ ውስጥ እንዳሉት ትንንሽ አጥንቶች ማለት ነው። በጣም ትንንሽ ናቸው፣ በማጉያ መነጽር ካልሆነ ላታዩአቸው ትችላላችሁ፤ እኔ በሦስተኛው ሙከራ ነው ያገኘኋቸው። ቆሮሶው ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ብትፈልጉ አታገኟቸውም። የሉትም።

ስምንት፦ መመደብ

አሁን መጀመሪያ የጻፋችሁትን መልስ አውጡ። አብዛኛው ሰው «ቆሮሶና ነጭ አሳ አንድ ላይ፣ አምባዛ ለብቻው» ይላል። ቅርፊት አይቶ ነው። ደብተራችሁ የሚለውን ግን እዩ፦

የሆድ ክንፍ ወደ ኋላ የራቀው፦ አምባዛና ነጭ አሳ። እውነተኛ እሾህ ጀርባው ላይ የሌለው፦ አምባዛና ነጭ አሳ። ጢም፦ አምባዛና ነጭ አሳ። የጆሮ ደቃቅ አጥንቶች፦ አምባዛና ነጭ አሳ።

ዘመዳሞቹ እነሱ ናቸው። ለብቻው የሚወጣው ቆሮሶ ነው። የአንድ ምልክት ምስክርነት በቂ አይደለም፣ ጢም ለብቻው ቢሆን ባላመንኩም ነበር፤ ብዙ አሳዎች ጢም አላቸው ዘመድ ሳይሆኑ። እነዚያ የጆሮ አጥንቶች ግን ሁለት ጊዜ በአጋጣሚ የሚፈጠሩ ነገሮች አይደሉም። እና ቆሮሶ ዘመዱ ማን ነው? የአርባ ምንጩ ነጭ አሳ ቆሮሶ ወዳለበት ጎራ ይቀርባል። እውነተኛ እሾህ አለው፣ የሆድ ክንፉም ከደረቱ ሥር ነው። የድሮ መጻሕፍት ሁለቱን ፐርሲፎርሜስ በሚባል አንድ ክፍል ያስቀምጧቸው ነበር፤ የዘረ መል ጥናት ሲመጣ ተለያይተዋል፣ ግን ሁለቱም ያው ከእሾሃማዎቹ ወገን ናቸው። የጣናውና የአርባ ምንጩ የጫሞ ሐይቅ «ነጭ አሳ» የስም ሞክሼ ናቸው እንጂ ሥጋ ዘመድ አይደሉም።

ከዚህ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ቀላል ነው። ሦስቱም አጥንታም ናቸው፣ ክንፋቸው በዘንግ የተወጠረ ነው። ሻርክና ስስ ጠፍጣፋው ሬይ አጥንታቸው ለስላሳ ነው፣ የስንጥብ ክዳን የላቸውም፣ አምስት ወይም ከዚያ የበለጡ ስንጥቆች ይታያሉ፣ የአየር ከረጢት የላቸውም። ጅዳ ወይም ዱባይ የአሳ ገበያ ያላችሁ ልጆች ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ፣ እኛ እዚህ አናገኝም። መንጋጋ የሌላቸው ደግሞ ሌላ ጥንታዊ ጎራ ናቸው። ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ያለ ሰው ካለ ፖሊፕተረስን ይፈልግልን፤ ጀርባው ላይ ትንንሽ ክንፎች እንደ ባንዲራ ተሰልፈዋል፣ ሳንባም አለው። በአሳ አይነት ብዛት ባሮን የሚያክል ውሃ በአገራችን የለም፣ የሚያሳዝነው ግን ስለሱ የሚጻፈው ጥቂት ነው።

ስለ ጣናው ነጭ አሳ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። አንድ ዝርያ አይደለም። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጣና በርካታዎቹን ገልጿል። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሌላ ተመራማሪ «እነዚህ ሁሉ አንድ የሚለዋወጥ ዝርያ ናቸው» ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ሊዮ ናገልከርከና ባልደረቦቹ እንደገና አንድ በአንድ ለክተው ቆጥረው 15 ገደማ ለያዩአቸው። ቅርጻቸው፣ አፋቸው፣ ምግባቸው ይለያያል። ከነዚያ 8ቱ አሳ ይበላሉ፣ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው! ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዘግቶባቸው ሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ሲለያዩ ኖረዋል። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፣ መረብም የሚጠብቃቸው የወንዙ አፍ ላይ ነው፤ ቁጥራቸው የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ ከጣና ሁለት ነጭ አሳ ገዝታችሁ አፋቸው ካልተመሳሰለ «አንዱ ታሟል» አትበሉ። ሁለት ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዘጠኝ፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ሌላ ሳምንት አንድ የማታውቁት አሳ ግዙና ስሙን ሳትጠይቁ ቤት አምጡ። ዝዋይ ወይም ቆቃ አካባቢ ካላችሁ ካርፕ ታገኛላችሁ፣ ከውጭ የመጣ ነው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ እሾህ፣ የሆድ ክንፍ ቦታ፣ አፍንጫ፣ መስመር፣ ጢም፣ ጥርስ፣ ጨጓራ። ካርፕ አራት ጢም አለው፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም፣ ጨጓራ የለም፣ ከረጢቱ ሁለት ክፍል ነው። የነጭ አሳው ቤተሰብ ነው ብላችሁ ከወሰናችሁ አገኛችሁት። የሚለየው የጀርባ ክንፉ ረጅም መሆኑና የውሸት እሾሁ እንደ መጋዝ መጠረቡ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ካትፊሽ ሙሉውን ካገኛችሁ ከአምባዛ ጋር አወዳድሩት። ያም ስምንት ጢም አለው፣ ቅርፊትም የለውም። ግን የጀርባ ክንፉ አጭር ነው፣ ከኋላው ደግሞ ዘንግ የሌላት ትንሽ የስብ ክንፍ አለች፣ ጅራቱም ሹካ ነው። የአጎት ልጅ እንጂ ወንድም አይደለም።

ሥጋውን አትርሱት፣ ውጭ ከቆየ ይበላሻል። ቆሮሶውን ለብለብ አድርጉት። አምባዛውን የሚበላ ካለ ጉላሽ ይሆናል። ነጭ አሳው ሥጋው ውስጥ እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ደቃቅ አጥንቶች ተሰግስገውበታል፣ እነሱም የቤተሰቡ ምልክት ናቸው፤ ስለዚህ ለልጆች ከሆነ ደህና አድርጋችሁ ፈጭታችሁ ኮተሌት ሥሩት፣ መረቁን ደግሞ ሾርባ። የጉሮሮ ጥርሶቹን አጥባችሁ አድርቃችሁ ደብተሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ከሥራቸው የአሳውን ስም፣ የገዛችሁበትን ቦታና ቀኑን ጻፉ። ስሙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ባዶ ተዉት፣ ቦታውንና ቀኑን ግን እንዳትረሱ።